ሲስተም የተባሉት ሹም

በዚህ አገር ስንት ሹም አይቻለሁ መሰላችሁ። ጭቃ ሹም አይቻለሁ፤ አጥቢያ ዳኛ አይቻለሁ፤ የወረዳ ገዥ፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የቀበሌ አስተዳዳሪ፣ ሁሉንም በየወንበሩ አይቻለሁ። ሁሉም ይቆጣል፤ ሁሉም ያመላልሳል። ነገር ግን ሁሉም ደጁ ይጠናል። ማልደህ ከበሩ ትቆማለህ፣ ሲወጣ እጅ ትነሳለህ፣ እምቢ ካለ በሚስቱ በኩል ትገባለህ፣ እሱም ካልሆነ በነፍስ አባቱ ታስለምናለህ። ሲስተም የተባሉት ሹም ግን ከነዚህ ሁሉ ልዩ ናቸው። ቤታቸው አይታወቅ፣ ዘመዳቸው አይታወቅ፣ የነፍስ አባታቸው ማን እንደሆኑ የሚነግረኝም አላገኘሁ። ከመሬት ቢሮው ስደርስ መዝጋቢዋ ልጅ ገና ሳልቀመጥ «አባቴ፣ ሲስተም የለም» ትለኛለች።

«የት ሄዱ?»

«ከላይ ነው የተቋረጠው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«አይታወቅም። ለማንኛውም ከሰዓት ብቅ ይበሉ።»

ከሰዓት ብቅ እላለሁ። ከሰዓት ደግሞ ሲስተም መጥተው መብራት ሄዷል። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገናኙ አላየሁም፤ የሆነ ነገር ተጣልተው መሆን አለበት። ሽማግሌ ልኬ ላስታርቃቸው አስቤ ነበር፤ ሽማግሌው የማንን ደጅ ያንኳኳ?

«ከላይ» የሚሉት ነገር ለብቻው ያበሳጨኛል። ለእኛ ለባሶ ሊበን ሰዎች ከላይ ማለት ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ነገር ሲጠናብን ከይጁቤ ሽቅብ ወጥተን እዚያ አቤት እንላለን። አሁን ደብረ ማርቆስ ስትደርስ እዚያም «ከላይ ነው» ይሉሃል፤ ባሕር ዳርን ማለታቸው ነው። ባሕር ዳር አዲስ አበባ ይልሃል። የልጅ ልጄ እንደሚለው አዲስ አበባ ውስጥም ገና ብዙ መንገድ አለ፤ ሰርቨር የሚባለው ዕቃ የሚቀመጥበት ለብቻው የሆነ ክፍል አለ፣ ዕቃው እንዳይግል ሌት ተቀን ብርድ ይነፋበታል። እንግዲህ እኔ ይጁቤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስሜ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ተቀምጧል። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘግቶ በቆየ ጊዜማ ስምና ባለስም ጭራሽ ተለያይተው ከረሙ። ያን ጊዜ ማን ሠራ? ካርቦን ወረቀት ሠራ። ያ የተናቀው፣ እጅ የሚያጠቁረው ካርቦን ወረቀት!

ይህን የምለው ከጽሕፈት ጋር የማልተዋወቅ ሰው ሆኜ አይደለም። እኔ መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት። ደብረ ማርቆስ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ሲባል እዚያው ነበርሁ፤ ክፍለ ሀገሩ ተከፋፍሎ ምሥራቅ ጎጃም ለብቻው ሲወጣም፣ በኋላ ዞን ሲባልም እዚያው ነበርሁ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የማኅደሩን ሽፋን እቀይራለሁ፤ ውስጡን አልነካም። ደብዳቤ ሲመጣ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ከማን እንደመጣ፣ ስለምን እንደሆነ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ማኅደሩ ይፈለጋል፣ ደብዳቤው የገጽ ቁጥር ተሰጥቶት ይታሰራል። ማኅደር የሚያወጣ ሰው ይፈርማል፤ የፈረመበት ወረቀት ማኅደሩ በነበረበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ማኅደር ቢጠፋ እንኳ ከማን እጅ እንደጠፋ ይታወቃል። አይጥ በልቶብን ያውቃል፣ ጣራ አፍስሶብን ያውቃል፤ እክዳለሁ አላልሁም። ግን አይጡ የበላው የቱን ማኅደር እንደሆነ ተጽፎ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ነበር።

የልጅ ልጄ በኮምፒዩተር ተመርቆ መጥቷል። እኔ ስቆጣ እሱ ይስቃል፤ ይኸ ነው የሚያበግነኝ። «አባባ፣ ዳታቤዝ እኮ ያው የአንቱ መዝገብ ነው፤ ፈጣን ሆነ እንጂ» ይለኛል። ሠንጠረዥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ዓምድ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የያዘው መሬት። አንዱ ረድፍ ከሌላው እንዳይምታታ ማንም የማይጋራው ቁጥር ይሰጠዋል። ማሽኑ ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ እንዳይደክም ደግሞ ማውጫ ይሠራለታል። ማን ገባ፣ ምን ለወጠ፣ በስንት ሰዓት ለወጠ፣ ይህንንም ራሱ ይመዘግባል አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ጡረታ ስወጣ የተካኝ አላገኘሁም ብዬ አዝኜ ነበርና።

«መልካም» አልሁት። «እንግዲያው የእኔን ረድፍ ማን እንደነካው ይታያላ!»

አብሮኝ ሄደ፤ ልጅቱን ለመናት፤ አሳየችው።

«ማን ነው?» አልሁ።

«አድሚን ይላል።»

«አድሚን የማን ልጅ ነው?»

መልስ ሊሰጠኝ ሲል ሳቁ ቀደመው። ለካ ከዚያ ቢሮ ያለው ሠራተኛ ሁሉ የሚገባው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃሉም እንዳይረሳ በወረቀት ተጽፎ ኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ ሲያነበው ይውላል። እና ይህ ሁሉ ማሽን፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ማን ምን እንደለወጠ የሚመዘግበው ያ ሁሉ ብልሃት መጨረሻው «አድሚን» ሆነ። ሲስተም አይታዩ፣ አድሚን አይያዝ! እኔ ብቻ ከነፎቶዬ፣ ከነአሻራዬ እዚህ ቆሜያለሁ።

ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ትይዘዋለች። «አንተ ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ የሄድህ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅህ አልነበረ? ቁልፉ በኪስህ፣ የማኅደሩ ቦታ በራስህ ውስጥ!» ትለኛለች። ይኸ ሌላ ነው። እኔ የሄድሁበት ይታወቃል።

ከማሽኑ ጋር ያጣላኝ አንዱ ነገር ስሜ ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ይጨመርብኛል። በመሬት ደብተሬ ላይ በሐመሩ «ሐ» ነው፣ በመታወቂያዬ በሀሌታው «ሀ»፣ በጡረታ ወረቀቴ በብዙኃኑ «ኀ»። ለሰው ጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው። ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም፣ ቁጥር ነው የሚያነጻጽረው። የዓለምን ፊደል ሁሉ በቁጥር የሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የሚባለው ስምምነት በፈረንጆች 1999 ሦስተኛ እትሙ ሲወጣ የእኛንም ፊደል አስገባ፤ ለያንዳንዱም የየራሱን ቁጥር ሰጠ። ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ልጅቱ በ4608 እየፈለገችኝ እኔ 4624 ላይ ተቀምጬ ነበር። «አልተመዘገቡም» አለችኝ። ደብተሩን ከነማኅተሙ ከፊቷ ዘርግቼ!

ይኸ የእኔ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ፣ የጃንሆይን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያውን ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ የሚጽፍ አለ፤ ስድስት። ሁለተኛው ቃል ላይ ያለውን «ሥ» በንጉሡም በእሳቱም ይጽፉታል፤ ሁለት። መጨረሻ ያለውን «ሴ» እንዲሁ፤ ሁለት። ሁለቱን ቃል ገጥሞ የሚጽፍ አለ፣ ለያይቶ የሚጽፍ አለ፤ እሱም ሁለት። ስድስት ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት፤ 48። የአባታቸው ስም ገና አልተጨመረም! ጃንሆይ ዛሬ ተነሥተው ለጉዳይ ቢመጡ፣ በ47ቱ መንገድ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይባላሉ፤ በ48ኛው ሊገኙ ሲሉ መብራት ይጠፋል።

የልጅ ልጄ መላ አለው ይላል። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ግን ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን አንድ የተሰወረ ዓምድ ይኑር፤ በዚያ ዓምድ ሐም ኀም ሁሉ ሀ ይሁኑ፣ ሠ ሰ ይሁን፣ ፀ ጸ ይሁን፣ ዐ አ ይሁን። ፈላጊው በፈለገው ፊደል ይጻፍ፣ ማሽኑ አስተካክሎ ያገኘዋል። በመጀመሪያ ደሜ ፈላ። እንዴት! ጎጃም ተወልዶ፣ ዲማና ዋሸራ በቅርብ እያሉ፣ ፊደል ይጨፍለቅ ይላል? ግዕዙ ላይ ሠረቀ ሲል ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ካደረግኸው ፀሐይ ሌባ ሆነች። አንድ የቅኔ ተማሪ እንዲህ ቢሳሳት መምህሩ ዝም ብለው አያልፉትም ነበር። በኋላ ሳስበው ግን መጽሐፉ ላይ አልተነካ፣ ስሜ ላይ አልተነካ፣ የተነካው መፈለጊያው ብቻ ነው። እኔም በመዝገብ ቤት ሳለሁ የማውጫ ካርዱን በድምፅ ነበር የማስቀምጠው።

«ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አላደረጉትም?» አልሁት።

«አሠሪው አላዘዘማ፣ አባባ።»

አያችሁ? አሠሪው ማሽን ሲገዛ ማሽኑ ፊደል የሚያውቅ መስሎት ነበር።

ስለ ልደት ቀን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋ ቀን። 1948 ሊጠባ አንድ ሌሊት ሲቀረው። ቀኑ እንዳይረሳ እናቷ ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር የኖረች ነው። በሚሞላው ቅጽ ላይ ግን ወር የሚመረጥበት ሳጥን 12 ብቻ ነው፤ 13ኛ ወር የለውም። የጻፈው ሰው የት አገር ሆኖ እንደጻፈው እንጃ። «ምን ላድርግ፣ እማ?» አላት የሚሞላው ልጅ፤ «መስከረም 1 ልበለው?» በዚያ ቢሮ ቀኑን የማያውቅም፣ ቀኑ በሳጥኑ ያልተገኘለትም ሁሉ መስከረም 1 ይባላል። በመዝገቡ ከሄድን የይጁቤ ሕዝብ አብዛኛው የተወለደው በእንቁጣጣሽ ነው፤ አዋላጆቹ ያን ቀን እንዴት እንደዋሉ እግዜር ይወቀው። አሜሪካ የገባው ስደተኛ ወገናችንም ከዚህ አልራቀም፤ ስንቱ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሆኖ ቀርቷል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአዋጅ 760/2004 ይመዝገብ ተብሎ ሥራው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆች ይድናሉ ይሆናል። እኛ የቀደምነው በሰው አፍ የተጻፍን ነን።

ባለቤቴ እኮ ለራሷ አንድ መዝገብ ቤት ናት። የእገሌ ልጅ መቼ ተወለደ ስትሏት «ያች ቀይ ላም በገደል የሞተች ሳምንት» ትላለች፤ ከዚያ ላሟን ከየት እንደገዙ፣ በስንት እንደገዙ፣ ሻጩ የማን አማች እንደነበረ ትቀጥላለች። የልጅ ልጄ ይህን ሰምቶ «እማማ፣ አንቺማ ሁሉም ሠንጠረዥ እርስ በርሱ የተያያዘልሽ ነሽ» አላት። ስድብ መስሏት ቡና ከለከለችው።

አሁን ደግሞ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ መጣ። አዋጁ በ2015 የወጣ ነው። አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ፊት ይወስዱና 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጡሃል፤ ካርዱ ላይ የሚታተመው ደግሞ 16 አኃዝ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ ቁጥር ነው፤ ዘርህን አይናገር፣ አገርህን አይናገር፣ ዕድሜህን አይናገር። ይህን ወድጄዋለሁ። በስም የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ ቁጥሩ ይገላግለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ነገር ግን ቁጥሩን ይዤ ስሄድ ልጅቱ ምን ብትለኝ ደስ ይላችኋል? «ስሙ ከደብተሩ ጋር ይለያያል።» ዞረን ዞረን ሐመሩ «ሐ» ላይ ቆምን።

ወደ መሬቱ ልምጣ፤ የምንገላታው ለእሱ ነውና። ያለኝን ቁራሽ በሕይወት እያለሁ ለልጄ በስጦታ ላስተላልፍ ነው ሐሳቤ። የጎጃም ሰው ከመመዝገብ ጋር የቆየ ጠብ አለው። የባሶ ገበያ፣ ይኸው ይጁቤ ላይ የነበረው፣ በቀድሞው ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ የሚወርድበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ ሰውም በባርነት ይሸጥበት ነበር። በፈረንጆች 1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዝ እዚህ አገር ተቀምጦ የገበያውን ነገር ጻፈ። የእኛ ነጋዴ ብድሩን በቃሉ ይዞ፣ በአሞሌና በማርትሬዛ ሲቆጥር፣ ወረቀት ያወጣው ፈረንጁ ብቻ ነበር መሰለኝ። ዛሬ ስለ ባሶ ገበያ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ጽሑፍ ነው። ቅድመ አያቶቼ ይህን ቢያውቁ ምን ይሉ ነበር? «ዋጋውን አሳስቷል» ነው የሚሉት።

መሬትንማ አናስለካም ብለን ነው የኖርነው። ብዙው ጠቅላይ ግዛት በቃላድ ተለክቶ በጋሻ ሲጻፍ ጎጃም እምቢ አለ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር መጣ፤ ገማቾች ማሳ ለማሳ ይዙሩ ሲባል ርስታችን ሊነቀል ነው ተብሎ አገሩ ሸፈተ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላን መጣ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ (ስማቸው በስንት መንገድ እንደሚጻፍ እናንተው ቁጠሩት)፣ ውዝፉም ተማረ። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርሁ። አባቴ የሚፈሩት ጦሩን ሳይሆን የጸሐፊውን ቦርሳ ነበር። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ ደግሞ ፍርሃታቸው ገባኝ፤ በጃንሆይ ወይም በደርግ ጊዜ ሹመት ነበረህ የተባለ ገበሬ «ቢሮክራት» የሚል ስም ተለጥፎበት ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ አትያዝ ተባለ። የሰው ኑሮ በአንድ ዓምድ ላይ በተጻፈች አንዲት ቃል ሲለካ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ግን ቀድማ ገብቷታል። በመርጡለ ማርያም ቢሉ በሌሎቹ ታላላቅ የምሥራቅ ጎጃም ገዳማት መሬት ሲሰጥ፣ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ምስክር ተቆጥሮ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈ ማን ይፍቀዋል! የታሪክ ምሁሩ ሀብታሙ መንግሥቴ የምሥራቅ ጎጃምን የመሬት ሥሪት ሲጽፍ ከነዚህ ጽሑፎች ብዙ ቀድቷል። ወንጌሉ የይለፍ ቃል የለውም፤ ግን የሚገልጠው ሰው ይታወቃል፣ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ስም አለው።

እንግዲህ በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን የመሬት ምዝገባ ተጀመረ። ስዊድኖቹ ረዱ፤ ከእኛ ጎን በጎዛምን ወረዳ አዲስና ጉሊት ከመሞከሪያዎቹ ቀበሌዎች አንዱ ነበር። በሌላው ቀበሌ ገመድ ተይዞ፣ ጎረቤት ቆሞ፣ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ» ተብሎ ተጻፈ፤ ባልና ሚስት ፎቷቸው ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ታደለ። ባለቤቴ ያንን ፎቶ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች፤ ፊቷ ጠቁሮ እኔ ፈካ ብያለሁ። ከዚያ የደብተሩ መዝገብ ኢስላ ወደሚሉት ዳታቤዝ እየተገለበጠ ገባ። ቀጥሎ ሁለተኛው ምዝገባ መጣ፤ ከአየር ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ማሳ ተሰምሮ ቁጥር ወጣለት። አሁን ደግሞ ፊንላንዶች ያገዙት አገር አቀፍ የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት አለ። «ቁልፉ የማሳው ቁጥር ነው፣ ስም አይደለም» ይላል የልጅ ልጄ። እሺ። ማሳው አይሞትም፤ ባለማሳው ግን ይሞታል። ሰው ሞቶ ወራሾቹ በሽማግሌ ተካፍለው ሲያርሱ፣ ባልና ሚስት ተፋትተው በመሃል ድንበር ሲያበጁ፣ ቢሮ ሄዶ ያስለወጠ ስንቱ ነው? ሲመዘገብ ዘመቻ ነበር፣ አበል ነበር፣ መኪና ነበር። ሲታደስ ዘመቻ የለም። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ በእኛ ጎጥ እያረሱ ያሉት ሟቾች ናቸው። ጎበዝ አራሾች ናቸው፤ አንድም ቀን ውዝፍ ግብር አለባችሁ ሲባሉ አይከራከሩም።

ልጅቱን አልኳት፦ «ልጄ፣ በሕይወት ያለሁት እኔ የለሁም፣ የሞተው ጎረቤቴ ግን አለ። እንዴት ነው ነገሩ?»

«የእሳቸው ፊደል ትክክል ነው፣ አባቴ።»

ቆጠራውንም ላንሣው። 1976፣ 1987፣ 1999 ተቆጠርን። የ1999ኙ ውጤት ሲመጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በሁለት ሚሊዮን ያህል አንሶ ተገኘና ምክር ቤት ድረስ አከራከረ። አራተኛው በታብሌት ይሆናል ተባለ፣ ሲተላለፍ ሲተላለፍ ቀረ። በአሥር ዓመት አንዴ እንኳ ያልተቆጠረ ሰው ስለምን በየቢሮው ቅጽ ይሞላል?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ነገር የሰማችሁ ትመስሉኛላችሁ። መጋቢት 2016 ላይ አንድ ሌሊት ሲስተም ሲታደስ የሆነ ነገር ተዛንፎ ሰው ከሌለው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጣ አደረ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከያለበት ተነሥቶ ኤቲኤም ከበበ። ባንኩ ራሱ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው አለ፤ ያልመለሱትንም ከነፎቷቸው ለጠፈ። የውጭ ሰው አልገባበትም ተባለ፤ ከውስጥ በእድሳት የመጣ ስሕተት ነው። ሲስተም ሲሰጡ ከገደብ በላይ ይሰጣሉ፣ ለእኔ ሲሆን ደግሞ የሉም። ያን ሌሊት እኔ ተኝቼ ነበር።

በመጨረሻ የእድራችን ነገር ነው እጄን ያሠራኝ። ያገራችን አንድ ወጣት በ1990ዎቹ የእድሩን መዝገብ ሙሉውን በፓወር ግዕዝ ጽፎ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦልን ነበር፤ ማን አባል ነው፣ ማን ከፈለ፣ ለማን ምን ያህል ተሰጠ። አመስግነን ጠላ አጠጥተነዋል። ቆይተን በአዲስ ኮምፒዩተር ስንከፍተው ምን እናያለን፤ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ አቆራርጦ የረጨው ነገር። እድርተኛው ዶላሩን አይቶ ደነገጠ፤ ገንዘባችን ተመነዘረ ወይ ያለም አለ። የልጅ ልጄ እንዳስረዳኝ ያኔ ዩኒኮድ ሳይለመድ የአማርኛ ቅርጽ በላቲን ፊደል ወንበር ላይ እየተቀመጠ ነበር የሚታየው፤ ቅርጹን የሚያለብሰው ፎንት ከሌለ ላቲኑ ራቁቱን ይወጣል። ፎንቱን ፈልጎ፣ ወደ ዩኒኮድ ገልብጦ፣ አዳነልን። አዳነና ፍላሽ ላይ ጫነው። ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ሰካነው። ቫይረስ ያዘው፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆነ። እኔ ከአልጋዬ ሥር ያስቀመጥሁትን የእጅ ደብተር ሳወጣ ሊቀ መንበሩ ግንባሬን ሳመኝ።

የልጅ ልጄ ግን እልኸኛ ነው፣ በእኔ የወጣ። ሕግ አለ አለኝ፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ሌላ ቦታ ይሁን፤ ቤት ቢቃጠል እንዲተርፍ። ይህንን ያወጣ ሰው መዝገብ ቤት የሠራ ሰው መሆን አለበት፣ ፈረንጅ ቢሆንም። ተስማማሁ። ለሌላው ቦታ ግን ጎረቤት አልመረጥሁም፣ ባንክ አልመረጥሁም፤ የደብራችንን ዕቃ ቤት መረጥሁ። የእድሩን መዝገብና የመሬት ደብተራችንን ምስል አዲስ ፍላሽ ላይ ጫንን፣ በጨርቅ ጠቀለልነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ገበዙ ሄድን።

ገበዙ ፍላሹን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። «ይኸን ማን ነው የሚያነበው?»

«ኮምፒዩተር ነው መምሬ» አላቸው ልጁ በትሕትና። «የፈለጉ ጊዜ ሰክተው ይከፍቱታል።»

«የልጅ ልጆቻችንስ? እዚህ ያለው ወንጌል ተገልጦ ይነበባል፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልግ። ይኸ ከመቶ ዓመት በኋላ በምን ይገለጣል?»

ልጁ ራሱን አከከ። «ያኔማ ሌላ ዓይነት ማሽን ይመጣል፤ ይኸኛው ላይገጥም ይችላል።»

«እንግዲያው ማሽኑንም አብራችሁ አምጡ» አሉት።

«ጄኔሬተሩንም!» አልሁ እኔ ከኋላ።